ዳርዊንና የዳውን መንደር ጭቃ

ከለንደን ከተማ በስተደቡብ ምሥራቅ፣ በኬንት አውራጃ በኩል፣ ዳውን የምትባል ትንሽ መንደር አለች። በዙሪያዋ ያለው አገር እንደ ባሕር ማዕበል ከፍ ዝቅ የሚል ኮረብታ ነው። የኮረብታው ውስጥ ተማሪ ሁሉ በጥቁር ሰሌዳ ላይ የሚያውቀውን ጠመኔ የሚመስል ነጭ ድንጋይ ሲሆን፣ እሱም በጥንት ዘመን በባሕር ወለል ላይ ከተከማቸ የደቃቅ ፍጥረታት ቅርፊት የተገኘ ነው። ከአናቱ ላይ ግን ባልጩት የተቀላቀለበት ቀይ ጭቃ ስለ ተጋደመበት፣ ዝናብ በጣለ ቁጥር መንገዱ የእግረኛውን ጫማ ይዞ አለቅም ይላል።

ቻርልስ ዳርዊን ከባለቤቱ ከኤማ ጋር ወደዚህች መንደር የገባው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1842 ዓ.ም. በ33 ዓመቱ ነው። በ1809 ዓ.ም. ሽሩስበሪ በምትባል ከተማ ከሐኪም አባት ተወለደ፤ ሕክምና ጀምሮ ተወ፤ ለቅስና እንዲበቃ ካምብሪጅ ተልኮ ተማረ፤ ከ1831 እስከ 1836 ዓ.ም. ቢግል በተባለች መርከብ ዓለምን ዞረ። ከጉዞው እንደ ተመለሰ እንግዳ የማይወድ ኃይለኛ ውሻውን በድሮው አጠራር ቢጠራው፣ አምስት ዓመት የተለየው ውሻ ግማሽ ሰዓት ብቻ እንደ ተለየው ያህል ተነሥቶ ተከተለው። ዳርዊን ከዚያ ወዲህ ከብሪታንያ አልወጣም። ስለ ዳርዊን ሲነሣ የብዙዎቻችን ሐሳብ ወደ ሩቅ ደሴቶች ይሄዳል እንጂ፣ መርከቡ አምስት ዓመት፣ ጭቃው ግን አርባ ዓመት መሆኑን አናስተውልም።

ሰውየው በሽተኛ ነበር። ሆዱ ስለሚያስቸግረው በቀን የሚሠራው ጥቂት ሰዓት ብቻ ነው። እኩለ ቀን ሲሆን ግን ዝናብም ቢሆን ፀሐይ ካባውን ደርቦ፣ ጫፉ ብረት የሆነ ከዘራውን ይዞ፣ ውሻውን አስከትሎ ይወጣል። ስንት ጊዜ እንደ ዞረ እንዳይጠፋው ባልጩት ከምሮ በየዙሩ አንዱን በእግሩ ገፋ ያደርጋል። ቦብ የተባለው ውሻው ጅራቱን ሰቅሎ ፊት ፊት ሲሄድ፣ ጌታው ወደ መስተዋቱ የአትክልት ቤት የታጠፈ እንደ ሆነ፣ ሽርሽሩ ቀረ ብሎ ጆሮውንም ጅራቱንም ይጥላል። ይህ የውሻ ኀዘን ዳርዊን በ1872 ዓ.ም. ስለ ሰውና ስለ እንስሳት ስሜት ባሳተመው መጽሐፍ ገባ።

ከዝርያዎች መለዋወጥ ነገር የመጀመሪያውን ረቂቅ የጻፈው ዳውን በገባበት ዓመት ነበር። በ1844 ዓ.ም. አስፋፍቶ ጻፈው፤ ብሞት ይታተም የሚል አደራ ለባለቤቱ ትቶ ወረቀቱን አስቀመጠ። እንዲህ ሲመላለስ ዓመታት አለፉ። በሰኔ 1858 ዓ.ም. አልፍሬድ ራስል ዋላስ ከሩቅ ምሥራቅ የላከው ጽሑፍ ሲደርሰው፣ ሌላ ሰው በራሱ መንገድ እዚያው ሐሳብ ላይ መድረሱን አየ። የሃያ ዓመት ድካሙ ሊያመልጠው ነው። በዚያው ሳምንታት ሕፃን ልጁ ታሞ ሞተ። የሁለቱ ሰዎች ጽሑፍ በሐምሌ መጀመሪያ በለንደን በሊቃውንት ማኅበር ፊት ሲነበብ ዳርዊን አልተገኘም፤ በኀዘን ላይ ነበር።

መጽሐፉ በ1859 ዓ.ም. ወጣ። በውስጡ የዚያ አገር ኮረብታ በውኃ ተሸርሽሮ ለመስተካከል 300 ሚሊዮን ዓመት ፈጅቷል የሚል ግምት ነበረው፤ ተቺዎች ስለ ተነሡበት በ1861 ዓ.ም. እትም አወጣው። እውነትም በዝቷል፤ ጠመኔው ራሱ ዕድሜው ከ100 ሚሊዮን ዓመት እምብዛም እንደማያልፍ ዛሬ ይታወቃል። ጭቃው ግን አላሳፈረውም። ከአንዲት ኩሬ ዳር ሦስት ማንኪያ ጭቃ ወስዶ ስድስት ወር ቢያቆየው 537 ተክል በቀለበት! በወፍ እግር ላይ የተጣበቀ ጭቃ ዘርን ከአገር ወደ አገር እንደሚያደርስ ከዚህ አስረዳ።

በእኔ አስተያየት ከመጽሐፎቹ ሁሉ ደስ የሚለው በ1881 ዓ.ም. ስለ ምድር ትል የጻፈው ነው። በ1842 ዓ.ም. ታኅሣሥ በቤቱ አጠገብ በሚገኝ መስክ ላይ የተሰባበረ ጠመኔ ተበትኖ ነበር። ሃያ ዘጠኝ ዓመት ቆይቶ፣ በ1871 ዓ.ም. ቦይ ቢያስቆፍርበት፣ ነጩ መስመር ከሣሩ በታች 18 ሳንቲ ሜትር ያህል ዘልቆ ተገኘ። ትሎቹ አፈሩን እየዋጡ ወደ ላይ ሲያወጡ ድንጋዩን ቀበሩት ማለት ነው። ልጆቹ ሲሮጡበት ባልጩት ይንኳኳበት የነበረው ሌላው ዳገትም፣ ከሠላሳ ዓመት በኋላ ፈረስ ቢጋልብበት ኮቴው አንድ ድንጋይ የማይነካ ለምለም መስክ ሆኗል። ለእንዲህ ያለው ሙከራ ዋናው መሣሪያ ከአንድ ስፍራ አለመነቃነቅ ነው።

በመጨረሻው ዘመን ከጎኑ የማትለየው ፖሊ የምትባል ነጭ ቴሪየር ነበረች። ሴት ልጁ በ1871 ዓ.ም. ስታገባ ውሻይቱ ለአባትየው ቀረች፤ በጥናት ክፍሉ እሳት አጠገብ በቅርጫቷ ተጠቅልላ ትተኛለች። ዳርዊን ሚያዝያ 19 ቀን 1882 ዓ.ም. ሞተ። እሱ ያሰበው በዳውን ቤተ ክርስቲያን ግቢ ለመቀበር ነበር፤ ወዳጆቹ ግን አስፈቅደው በለንደን በዌስትሚንስተር አቢ አስቀበሩት። ፖሊም ከጥቂት ቀን በኋላ ሞተች፤ እሷ በዳውን፣ በአትክልቱ ውስጥ ከፖም ዛፍ ሥር ተቀበረች።