ሸይኽ ጃሲም ቢን ሙሐመድ አል ታኒ፦ ከሉል ሚዛን እስከ አገር ምሥረታ

ከዶሃ በስተደቡብ በቅርብ ርቀት የምትገኘው አል ዋክራ ስሟን ያገኘችው የወፍ ጎጆ የሚል ፍቺ ካለው የዐረብኛ ቃል እንደሆነ ይነገራል። ዛሬ ከተማዋ የምትታወቀው በባሕር ዳር በተሠራው ባህላዊ ሱቋና የጀልባ ሸራ መስሎ በታነጸው የአል ጀኑብ ስታዲየም ነው። ነዳጅ ከመገኘቱ በፊት ግን ነዋሪዎቿ የሚተዳደሩት ከባሕር ወለል በሚለቀም ሉል ነበር። ዛሬ ለእጮኛው ቀለበት የሚገዛ ሰው ስለ አልማዝ አቆራረጥ እንደሚጠይቅ ሁሉ፣ በዚያ ዘመን የጌጥ ገበያው ጥያቄ የሉሉ ቅርጽ፣ ቀለምና ክብደት ነበር። የዘመናዊት ኳታር መሥራች ሸይኽ ጃሲም ቢን ሙሐመድ አል ታኒም ከዚህ ገበያ የወጡ ሰው ናቸው።

የሉል ነጋዴ ልጅ

ሸይኽ ጃሲም የተወለዱት እ.ኤ.አ. በ1825 ገደማ ነው። ቤተሰባቸው ከበኒ ተሚም ጎሣ ሲሆን፣ የልጅነት ጊዜያቸውን በሰሜን ምሥራቅ ኳታር በምትገኘው ፉወይሪጥ አሳለፉ። በ1840ዎቹ መጨረሻ ላይ አባታቸው ሸይኽ ሙሐመድ ቢን ታኒ ቤተሰቡን ይዘው ወደ ዶሃ ተዛወሩ። አባትም ልጅም የሉል ነጋዴዎች ነበሩ።

የሉል ነጋዴ በባሕረ ሰላጤው አነጋገር ጠዋሽ ይባላል። የጠዋሽ መሣሪያዎች ጥቂት ናቸው፤ ቀዳዳቸው የተለያየ የመዳብ ወንፊቶች፣ ትንሽ ሚዛንና ሉሉ የሚዘረጋበት ቀይ ጨርቅ። ሉሎቹ በወንፊቶቹ እየተነፉ በመጠን ይለያሉ፤ ትልልቆቹ ራስ፣ መካከለኞቹ ሆድ፣ ትንንሾቹ ጅራት ይባላሉ። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ የዓይን ነው። ድቡልቡል የሆነውን ከሞላላው፣ ሞላላውን ከጠፍጣፋው፣ ጠፍጣፋውን ከጎባጣው ይለያል። ነጭ ሆኖ ጽጌረዳ የመሰለ ጸዳል ያለው ድቡልቡል ሉል ጂዋን ተብሎ ከሁሉ ይበልጣል። ትልቅና እንከን የለሽ ሲሆን ደግሞ ዳና ይባላል።

በሉል ንግድ ክብደትና ዋጋ እኩል አይጨምሩም። የነጋዴዎቹ ስሌት የክብደቱን ብዜት መሠረት ያደረገ በመሆኑ፣ በሌላው ሁሉ እኩል ከሆኑ ሉሎች መካከል ክብደቱ ሁለት እጥፍ የሆነው ዋጋው ወደ አራት እጥፍ ይጠጋል። ስለዚህ በሚዛን ላይ የሚፈጸም ጥቂት ስሕተት በኪስ ላይ ብዙ ሆኖ ይታያል። ሸይኽ ጃሲም ያደጉት እንዲህ ያለ ጥንቃቄ በሚጠይቅ ሥራ ውስጥ ነው።

ሉልና አልማዝ

አልማዝ ከመሬት ሲወጣ ደብዛዛ ድንጋይ ነው፤ ብርሃኑን የሚያወጣለት ቆራጩ ነው። ዛሬ በስፋት የሚሸጠው ክቡ ብሪሊያንት አቆራረጥ 57 ወይም 58 ገጾች አሉት። ብርሃን ከላይ ገብቶ ተመልሶ በላይ እንዲወጣ የሚያደርገውን መጠን ማርሴል ቶልኮውስኪ በ1919 በሒሳብ አስልቶ አሳትሟል። ይህን ቅርጽ ለማውጣት ከጥሬው ድንጋይ ብዙውን ጊዜ ከግማሽ በላዩ ተቆርጦ ይጣላል። አራት ማዕዘኑ ፕሪንሰስ ብዙ ድንጋይ ያተርፋል፤ ጫፎቹ ግን ለመሰበር የተጋለጡ ናቸው። እንደ ደረጃ የተቆረጠው ኤመራልድ ሰፊ ገጾች ስላሉት በውስጡ ያለውን ጉድለት አይሸሽግም።

ሉል ግን እንዲህ ያለ ቆራጭ አያውቅም። ቅርጹንም ጸዳሉንም ይዞ ከዛጎሉ ይወጣል። የሰው እጅ ሊያደርግለት የሚችለው አንድ ነገር ቢኖር፣ ላዩ የደበዘዘውን በስስ ምላጭ ልጦ ከሥሩ የተሻለ ሽፋን መኖሩን መሞከር ነው። ይህም አንዳንዴ ዋጋውን ያንራል፤ አንዳንዴም ሉሉን ያጠፋዋል። ስለዚህ የሉል ነጋዴ ሙያ መምረጥና መታገሥ ነበር።

ከጌጡ ጀርባ የነበረ ዋጋ

ታላቁ የመጥለቅ ወቅት በበጋው ሙቀት አራት ወር ያህል ይቆያል። ጠላቂው አፍንጫውን በመቆንጠጫ ይዘጋል፣ እግሩን በገመድ ከታሠረ ድንጋይ ጋር አድርጎ ይወርዳል፣ ትንፋሹ ሲያልቅ ገመዱን ይስባል፤ በጀልባው ላይ ያለው ጓደኛው ይጎትተዋል። ብዙዎች ጆሯቸውንና ዓይናቸውን ያጡ ነበር። ለቤተሰብ ስንቅ ከወቅቱ በፊት የሚሰጠው ብድርም ጠላቂውን ከናኹዳው፣ ናኹዳውን ከነጋዴው ጋር ያስር ነበር። ዕዳው ጠላቂው ሲሞት ወደ ልጁ የሚተላለፍበት ጊዜ ነበር።

ከጠላቂዎቹ መካከል በባርነት የተያዙ አፍሪካውያን ይገኙ ነበር። ከሐበሻ ምድር በቀይ ባሕር በኩል ተሻግረው ወደ ዐረብ አገሮች የተወሰዱ ሰዎች ታሪክም የዚሁ የባርነት ንግድ አካል ነው። ኳታር ባርነትን በሕግ የሻረችው በ1952 ሲሆን፣ ዛሬ በዶሃ ምሸይሪብ የሚገኘው የቢን ጀልሙድ ቤተ መዘክር ይህን ታሪክ ለሕዝብ ይተርካል። በባሕረ ሰላጤው የተገኘ ሀብት ሁሉ፣ የሸይኽ ጃሲምን ዘመን ሀብት ጨምሮ፣ በእነዚህ ሰዎች ትንፋሽ የተገኘ ነው።

አል ዋክራና የ1868 ስምምነት

በ1860ዎቹ የኳታር ነገዶችና የባሕሬን ገዥዎች ግንኙነት ሻከረ። በ1867 ሸይኽ ጃሲም ወደ ባሕሬን በሄዱበት ታሰሩ። በዚያው ዓመት ከባሕሬንና ከአቡ ዳቢ የመጣ ኃይል ዶሃንና አል ዋክራን መትቶ ዘረፈ፤ ቤቶች ፈረሱ፣ ጀልባዎች ወደሙ። በማግሥቱ ዓመት ኳታራውያን አጸፋውን በባሕር ላይ ውጊያ መለሱ፤ ሸይኽ ጃሲምም በእስረኛ ልውውጥ ተፈቱ።

ጦርነቱ የሉል ንግዱን ሰላም ስላናጋ እንግሊዞች ጣልቃ ገቡ። በመስከረም 1868 የእንግሊዙ ወኪል ሌዊስ ፔሊ መርከቡን በአል ዋክራ ባሕር ላይ አቁሞ ከሸይኽ ሙሐመድ ቢን ታኒ ጋር ስምምነት አደረገ። ኳታር ራሷን የቻለች አካል መሆኗ የታወቀበት የመጀመሪያው ሰነድ ይህ ነው።

በሁለት ኃያላን መካከል

በ1871 የኦቶማን ጦር ወደ ኳታር ሲመጣ ሸይኽ ጃሲም ሰንደቅ ዓላማውን ተቀበሉ፤ በ1876ም የኦቶማን ቃይመቃም ተብለው ተሾሙ። አባታቸው በታኅሣሥ 1878 ሲያርፉ ሥልጣኑን ወረሱ። ታኅሣሥ 18 የኳታር ብሔራዊ በዓል ሆኖ የሚከበረውም ይህንኑ ለማሰብ ነው። ዘመናቸው ያለ ግጭትና ያለ ሐዘን አላለፈም። በ1880ዎቹ የእንግሊዝ ተገዥ ከነበሩ የሕንድ ነጋዴዎች ጋር በሉል ንግድ ተጋጭተው ካሳ እንዲከፍሉ ተደርገዋል። በ1888 ደግሞ ልጃቸው ዐሊ በዶሃ ላይ በተፈጸመ ወረራ ተገደሉ።

ትልቁ ፈተና የመጣው በ1893 ነው። ኦቶማኖች ግብርና ጉምሩክ ለማጥበቅ ሲሹ ሸይኽ ጃሲም አልተቀበሉም። የባስራው ገዥ መሐመድ ሐፊዝ ፓሻ ጦር ይዞ መጣ፤ ወንድማቸውን ሸይኽ አሕመድንና ሌሎች ታላላቅ ሰዎችንም አሰረ። በመጋቢት ወር ከዶሃ በስተምዕራብ በምትገኘው አል ወጅባ በተደረገው ውጊያ የኦቶማን ጦር ተሸንፎ ወደ ዶሃ ምሽግ ሸሸ፤ ውኃም ተቋረጠበት። በመጨረሻ እስረኞቹ ተለቀቁ፣ ለኦቶማን ፈረሰኞችም በየብስ ወደ ሁፉፍ መመለሻ መንገድ ተከፈተ። ሸይኹ ድሉን ይዘው ኦቶማኖችን ከአገር ለማባረር አልገፉበትም፤ ለድርድር በር ከፈቱ።

ሀብትና ዲን

ሸይኽ ጃሲም የዲን ትምህርት የነበራቸው፣ የጁምዓ ኹጥባ የሚያደርጉ፣ በሰዎች መካከል የሚፈርዱና በነበጢ ስልት ግጥም የሚጽፉ ሰው ነበሩ። ከሉል ካገኙት ሀብት ኪታቦችን በራሳቸው ወጪ አሳትመው ለተማሪዎች በነፃ አድለዋል፤ የቴምር አትክልቶችንም ወቅፍ አድርገዋል። ልጃቸው ሸይኽ ዐብዱረሕማን አል ዋክራን ለረጅም ዘመን አስተዳድረዋል።

ሐምሌ 17 ቀን 1913 በሉሰይል አረፉ፤ አላህ ይዘንላቸው። ከ12 ቀን በኋላ በእንግሊዝና በኦቶማን መካከል በተፈረመው ውል፣ ባይጸድቅም፣ ኦቶማኖች በኳታር ላይ ያላቸውን ጥያቄ ለመተው ተስማሙ። የሉል ዘመንም ብዙ አልቆየም፤ የጃፓን የእርባታ ሉልና በ1929 የጀመረው የዓለም ኢኮኖሚ ቀውስ ገበያውን ሰበሩት።

በአል ዋክራ የጌጥ ሱቆች ዛሬ የሚመረጠው በአብዛኛው ወርቅና አልማዝ ነው። የጠዋሾቹ ትምህርት ግን አላረጀም፤ ትልቅነት ብቻ ዋጋ አይሆንም፣ ቅርጹና ብርሃኑ በደህና ብርሃን መታየት አለባቸው፣ ሚዛኑም መታመን አለበት። መህር ሆኖ የተሰጠ ጌጥ የሙሽራዋ ሐቅ ነውና ለእርሷ የሚመረጠው ነገር ከእንከንም ከማታለልም የጸዳ ሊሆን ይገባል። ከድንጋዩ ጀርባ የማን ላብና ትንፋሽ እንዳለ መጠየቅም የምርጫው አንድ ክፍል ነው።