የቆሰለውን ዓሣ ያስተዋለው ላውሪ ራፓላ

ከሄሮን ዳርቻ ተነሥቶ ወደ ታጁራ ባሕረ ሰላጤ በጀልባ በመውጣት ባራኩዳ ለማጥመድ የሚሻ ሰው፣ አስቀድሞ ከልዩ ልዩዎቹ ሰው ሠራሽ ማባበያዎች የትኛውን እንደሚጥል መወሰን አለበት። ለዚህ ጥያቄ እስከ ዛሬ የሚያገለግል መልስ የሰጠው፣ ከዚህ ባሕር እጅግ ርቆ በፊንላንድ ሐይቅ ዳር ይኖር የነበረ ላውሪ ራፓላ የተባለ ድኻ ዓሣ አጥማጅ ነው።

ላውሪ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1905 ዓ.ም. ሲስማ በተባለ ወረዳ ተወለደ። ራፓላ የመንደር ስም ሲሆን፣ ቄሱ የቤተ ሰቡን ስም ዘንግተው በመዝገብ ላይ ይህን እንደ ጻፉለት ይነገራል። በብርዱ ወራት እንጨት እየቆረጠ፣ በሙቀቱ ወራት በፓይያነ ሐይቅ ዓሣ እያጠመደ ልጆቹን ያሳድግ ነበር። በየመንጠቆው ላይ ትንንሽ ዓሣ መሰካቱ ግን ጊዜውንም ጉልበቱንም ይጨርስበት ነበር።

ታንኳውን እየቀዘፈ ውሃውን ሲመለከት አንድ ነገር አስተዋለ፤ ትልልቆቹ ዓሦች ከመንጋው መካከል ቆስሎ የሚንገዳገደውን ለይተው ይውጡታል። በ1936 ዓ.ም. ይህንኑ አካሄድ የሚመስል ዓሣ ከቡሽ ቀረጸ፤ በቸኮላታ መጠቅለያ ብርቅርቅ ወረቀት ለበጠው፤ የሚቀባው ቫርኒሽ ስላልነበረውም የፎቶግራፍ ፊልም አቅልጦ ቀባው። ከዚያ ወዲህ የሠራውን ማባበያ ሁሉ በውሃ ውስጥ ጎትቶ አካሄዱን ሳያይ ለገበያ አላቀረበም።

በ1959 ዓ.ም. ሁለት አሜሪካውያን ነጋዴዎች ዕቃውን ወደ አገራቸው ማስገባት ጀመሩ። በነሐሴ 1962 ዓ.ም. ላይፍ የተባለው መጽሔት ስለ እርሱ ከጻፈ በኋላ ትእዛዙ ከሚሠራው በላይ ሆነ። ላውሪ በ1974 ዓ.ም. ሲሞት በቢላዋ የተጀመረው ሥራ ታላቅ ፋብሪካ ሆኖ ነበር።

ስለዚህ ማባበያ የሚመርጥ ሰው ከቀለሙ ይልቅ አካሄዱን ይመልከት። በጀልባው ጎን ጎትቶ ይፈትነው፤ ወደ ቀኝ የሚያዘነብል ከሆነ በአፍንጫው ላይ ያለውን የሽቦ ቀለበት በጥቂቱ ወደ ግራ ያጥፈው። የባራኩዳ ጥርስ ክር ስለሚበጥስም ከማባበያው በፊት የሽቦ ማያያዣ ያድርግ። ዓሣ አጥማጅም ሆነ ነጋዴ ልበ ሙሉ የሚሆነው አስቀድሞ በፈተነው ዕቃ ነው።