አባ ኢየሱስ ሞዐ ዘሐይቅ

በወሎ፥ በአምባሰል ምድር የሚገኘው የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም በሀገራችን የትምህርት ታሪክ ከፍ ያለ ሥፍራ አለው። ለዚህ ክብር ያበቁት አባ ኢየሱስ ሞዐ ናቸው።

አባ ኢየሱስ ሞዐ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1214 ገደማ በቤጌምድር፥ በዳህና ተወለዱ። ወደ ትግራይ ተጉዘው በደብረ ዳሞ ከአባ ዮሐኒ ዘንድ መነኰሱ። በ1248 ገደማም ወደ ሐይቅ መጥተው፥ ያን ጊዜ ደሴት በነበረው ሥፍራ መነኰሳትን ሰበሰቡ፤ ትምህርትንም አስፋፉ። ኋላ ደብረ ሊባኖስ የተባለውን ደብረ አስቦን የመሠረቱት አቡነ ተክለ ሃይማኖት ደቀ መዝሙራቸው ነበሩ። በ1273 ዓ.ም. የተጻፈው የአባ ኢየሱስ ሞዐ ወንጌል፥ ዘመናቸው ከታወቀ ጥንታውያን የግእዝ መጻሕፍት አንዱ ነው። እኒህ አባት በ1293 ገደማ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ዐረፉ፤ መታሰቢያቸውም ኅዳር 26 ቀን ነው።

እንዲህ ያለ ገዳም ግን ያለ ሒሳብ አይጾምም። ጾምና በዓል የሚወጡት በባሕረ ሐሳብ ነውና። ወንጌሉ የተጻፈበትን ዓመት እንውሰድ። 5500 ሲጨመርበት 6773 ይሆናል፤ ለ19 ሲካፈል 9 ይተርፋል፤ 1 ሲቀነስ ወንበሩ 8 ነው። 8 በ11 ሲባዛ 88፥ ሁለት ጊዜ 30 ሲገደፍ አበቅቴ 28። 8 በ19 ሲባዛ 152፥ አምስት ጊዜ 30 ሲገደፍ መጥቅዕ 2። አበቅቴና መጥቅዕ ሲደመሩ 30 ካልሞሉ ሒሳቡ ተሳስቷል፤ 11 እና 19 ራሳቸው 30 ናቸውና። ከመጥቅዕ ነነዌ፥ ከነነዌም ዐቢይ ጾምና ፋሲካ ይገኛሉ።

ይህ ማባዛትና ማቃለል በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ካስጨነቀን ከዳግም ዘር ሒሳብ ጋር ዝምድና አለው። የ6ን ዳግም ዘር በ15 ዳግም ዘር ብናባዛ የ90 ዳግም ዘር እናገኛለን። 90 ማለት 9 ጊዜ 10 ስለሆነ፥ ከ9ኙ 3 ወደ ውጭ ይወጣል፤ 10 ግን በውስጥ ይቀራል። ውጤቱም የ10 ዳግም ዘር ሦስት እጥፍ ነው። ልዩነቱ፥ በዳግም ዘር የወጣው ከደጅ ቆሞ ይቈጠራል፤ በባሕረ ሐሳብ የወጣው ይጣላል። በሁለቱም ዘንድ ግን አስቀድሞ ማባዛት፥ ቀጥሎ ሙሉውን ማውጣት፥ የተረፈውንም መጠበቅ ነው ሥርዐቱ።

ሒሳብ ከባሕር ማዶ ብቻ የመጣ የሚመስለን ተማሪዎች ጥቂቶች አይደለንም። ስለዚህ፥ ወንድሞችና እኅቶች፥ ክረምት ወደየሀገራችን ስንገባ ከአጥቢያችን የኔታ ዘንድ ቀርበን የዓመቱን አበቅቴና መጥቅዕ እንማር። ያላወቅነውን ትምህርት ኋላ ቀር ብለን ለመናቅም ሆነ ለማመስገን ገና መብት የለንም።