ዐፄ ቴዎድሮስና የጋፋት ባለእጆች

አንባቢ ሆይ፤ የዐፄ ቴዎድሮስን ስም ስትሰማ ቶሎ በሐሳብህ የሚመጣው የመቅደላ አምባና የሽጉጡ ፍጻሜ ሳይሆን አይቀርም። ስለ ጀግንነታቸው ብዙ ተጽፏል፤ ቴአትርም ተሠርቶበታል። በዚህ ምንባብ የምታገኘው ግን የንጉሠ ነገሥቱን ሕይወት በሌላ በኩል፣ ማለት በወናፉና በማቅለጫው ምድጃ በኩል ነው። አንድ መንግሥት የጦር መሣሪያውን በገዛ አገሩ ለማሠራት ሲነሣ ምን ያህል ሀብት፣ ምን ያህል ጉልበት፣ ከዚያም አልፎ ምን ያህል የሰው ነፃነት እንዳወጣበት ትመለከታለህ።

ካሣ ኃይሉ በ1811 ዓ.ም. ገደማ በቋራ ተወለዱ። አባታቸው ኃይሉ ወልደ ጊዮርጊስ፣ እናታቸው ወይዘሮ አትጠገብ ይባሉ ነበር። በልጅነታቸው በገዳም ፊደል ቈጥረው ዳዊት ደግመዋል። ከጐለመሱ በኋላ ሸፈቱ፤ ተከታይም አበዙ። በ1845 ዓ.ም. ደጃዝማች ጎሹን በጉር አምባ፣ ራስ ዓሊን በአይሻል፣ በ1847 ዓ.ም. የካቲት ደግሞ ደጃዝማች ውቤን በደረስጌ ድል ነሥተው፣ ወዲያው በደረስጌ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ዘውድ ጫኑ። ይህን የታሪክ መጻሕፍት በሰፊው ስለሚተርኩት እዚህ አንዘገይበትም።

ከድሎቹ ሁሉ ይልቅ ለጉዳያችን የሚጠቅመው አንድ ሽንፈት ነው። ካሣ ገና ዘውድ ሳይጭኑ፣ በ1840 ዓ.ም.፣ ሱዳንን ይገዙ የነበሩትን ግብጾች ለመውጋት ወደ ምዕራቡ ቆላ ወርደው ደባርቂ በተባለ ስፍራ ገጠሙ። ጭፍራቸው ብዙ፣ ወኔያቸውም ሙሉ ነበር፤ ይሁን እንጂ ምሽግ ይዞ በሥርዓት የሚተኩስ ወታደርና መድፍ ሲገጥማቸው ሰልፋቸው ተበተነ። ካሣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥርዓት ያለው ሠራዊትና መድፍ የሚሉ ሁለት ነገሮች ከልባቸው አልወጡም።

መድፍ ከየት ይመጣል? ምፅዋ በቱርክ፣ ኋላም በግብጽ እጅ ስለነበረች በባሕር በኩል የሚገባ መሣሪያ በባዕድ ፈቃድ ብቻ የሚገባ ነበር። ስለዚህ ንጉሠ ነገሥቱ መሣሪያውን ከመግዛት ይልቅ ሠሪውን ማግኘት መረጡ። በዘመኑ ከስዊስና ከጀርመን አገር የእጅ ሥራ የሚያውቁ የፕሮቴስታንት መልእክተኞች ወደ ኢትዮጵያ መምጣት ጀምረው ነበር። መጽሐፍ ቅዱስ ለማዳረስ የመጡትን እነዚህን ሰዎች ንጉሡ በደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት በተባለው ኮረብታ አሰፈሯቸው። ከእነርሱም ቴዎፍሎስ ዋልድማየርን፣ ዛልሙለርን፣ ቤንደርን መጥቀስ ይበቃል። የፖላንዱ ተወላጅ ሞሪትስ ሃልና ፈረንሳዊው የጠመንጃ ሠሪ ቡርጎም ከዚያው ነበሩ። ዋልድማየር የእንግሊዛዊውን የጆን ቤልን ልጅ፣ በእናቷ ኢትዮጵያዊት የሆነችውን ሱዛንን አግብቶ ጎጆ ወጥቷል። ጋፋት እንግዲህ ፋብሪካ ብቻ ሳትሆን ልጆች የሚወለዱባት መንደርም ነበረች።

መጀመሪያ መንገድ እንዲጠርጉና ጋሪ እንዲሠሩ ሲታዘዙ በደስታ ተቀበሉ። በኋላ ግን መድፍ አፍስሱ ተባሉ። እነርሱም መድፍ ማፍሰስ ሙያቸው እንዳልሆነ ቢያስረዱ ንጉሡ አልተቀበሏቸውም። ነሐስ መዳብና ቆርቆሮ ተቀላቅለው የሚወጣው ብረት ነው፤ እርሱን በብዛት አቅልጦ ሳይቀዘቅዝ በአንድ ጊዜ ወደ ሸክላው ቅርጽ ማፍሰስ ደግሞ ቀላል ጉዳይ አይደለም። ቅርጹ ጥቂት እርጥበት ከያዘ እንፋሎቱ ይፈነዳል፤ የምድጃው ጡብ ሙቀቱን ካልቻለም ራሱ ይቀልጣል። ሙከራው እየከሸፈ ብዙ ከተደከመ በኋላ አንድ መድፍ በደኅና በወጣ ጊዜ ንጉሡ እጅግ ተደስተው ሠራተኞቹን በሽልማት አንበሸበሹ። አንባቢ ሆይ፤ ይህ ሽልማት ለባለእጆቹ ወጥመድም እንደ ነበረ ልብ በል፤ መሥራት እንደሚችሉ ከታወቀ በኋላ የሚታዘዙት መድፍ መጠኑ ከጊዜ ወደ ጊዜ እየገዘፈ ሄደ።

በምድጃው ዙሪያ ከሰል የሚያከስለው፣ ወናፍ የሚነፋው፣ ጭቃ የሚያቦካው የአገሩ ሰው ነበር። ንጉሡም የአገሩ ልጆች ሙያውን ከፈረንጆቹ እንዲቀስሙ ይመኙ ነበር። ነገር ግን ኅብረተሰቡ ብረት ቀጥቃጩን ቡዳ፣ ሸማኔውን ቁጢት በጣሽ እያለ የሚንቅ ነበር። ማረሻና ጦር የሚሠራለትን ሰው ከማዕድ የሚያርቅ አገር በአንድ ንጉሥ ዘመን የባለእጅ አገር ሊሆን አይቻለውም። በእኔ ግምት የጋፋት ዋነኛ ድካም የመዳብ እጥረት ሳይሆን ይህ ነበር።

ገንዘቡስ? ዐፄ ቴዎድሮስ ወታደሩ ባላገሩን መዝረፉን ትቶ በደመወዝ እንዲያድር አስበው ነበር። ለዚህም ለሌላውም ወጪ ሲሉ በ1852 ዓ.ም. ገደማ ለአንድ ደብር ሁለት ቄስና ሦስት ዲያቆን ይበቃል ብለው የተረፈውን መሬት ለመውሰድ ተነሡ። ካህናቱ ተቈጡ፤ ከአቡነ ሰላማ ጋርም ተጣሉ። ከዚያ ወዲህ ዐመፅ በየአውራጃው ስለ ተነሣ ግብሩ ቀነሰ፤ ሠራዊቱም እንደ ቀድሞው ገበሬውን ወደ መዝረፍ ተመለሰ። ግዛታቸው በየዓመቱ ሲጠብ የጋፋት ምድጃ ግን ይበልጥ ይነድ ነበር።

የንጉሡ ምኞት በመድፍ ብቻ አልተወሰነም። በ1858 ዓ.ም. በጣና ሐይቅ ዳር ሳሉ እንደ ፈረንጆቹ የእንፋሎት መርከብ ያለ ነገር ለመሥራት ሞከሩ። የጣና ሰው ታንኳውን ከደንገል አስሮ መሥራትን ከጥንት ጀምሮ ያውቃል። ንጉሡ ከዚሁ ደንገል ሁለት ትልልቅ ጀልባዎች አሠርተው፣ በላያቸው የእንጨት ወለል አስነጥፈው፣ በግራና በቀኝ መንኰራኩር አስገጠሙላቸው። የእንፋሎት ሞተር ስላልነበረ መንኰራኩሩ እንደ ወፍጮ መሳያ በሰው እጅ ይዘወር ነበር። በዚያ ጊዜ ያዩት አንዳንድ አውሮፓውያን በዚህ ሥራ ተሳልቀውበታል። አንተ ግን ስትፈርድ፣ የባሕር በር የሌለው ንጉሥ ባለው ደንገል መርከብ መጀመሩን አትርሳ።

የጐደላቸው ሞተሩና ሞተሩን የሚያውቅ ሰው መሆኑ ለንጉሡ ግልጽ ነበር። ቀድሞ በ1855 ዓ.ም. ለንግሥት ቪክቶሪያ የጻፉት ደብዳቤ መልስ ሳያገኝ ቢቀር ተቈጥተው ቆንስል ካሜሮንን በ1856 ዓ.ም. አሰሩት። ራሳም የተባለው መልእክተኛ በ1858 ዓ.ም. መልሱን ይዞ ሲመጣ ደግሞ እርሱንም ያዙትና፣ ፍላድ የተባለውን ሚሲዮናዊ ባለሙያ እንዲያመጣላቸው ወደ እንግሊዝ ላኩት። የእንግሊዝ መንግሥት ባለሙያዎችን ቀጥሮ ከመሣሪያቸው ጋር እስከ ምፅዋ አደረሳቸው። ይሁን እንጂ እስረኞቹ ሳይፈቱ ባለሙያዎቹ አይሻገሩም አለ፤ ንጉሡም ባለሙያዎቹ ሳይመጡ እስረኞቹን አልለቅም አሉ። በዚህ መካከል ባለሙያዎቹ ምፅዋ ላይ ከርመው መጡበት ተመለሱ። ሊመጣ ያለው ሙያ ከባሕሩ ዳር ሳያልፍ የቀረው በእልህ ነው።

በ1859 ዓ.ም. በጋፋት ከተሠሩት ሁሉ ትልቁ መድፍ ፈሰሰ። ክብደቱ ወደ 7 ቶን ይጠጋል። ስሙም ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ በክሪሚያ ጦርነት ስሟ በዓለም በተሰማው ከተማ ስም ሴባስቶፖል ተባለ። በ1860 ዓ.ም. መስከረም ማብቂያ ላይ ንጉሡ ደብረ ታቦርን አቃጥለው መድፎቻቸውን እያስጐተቱ ወደ መቅደላ ተነሡ። በጅዳና በበሽሎ ገደል መንገድ ይቈረጥ ነበር፤ ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ድንጋይ እያነሡ ከሠራተኛው ጋር ይሠሩ ነበር። በመቶ የሚቈጠር ሰው ሴባስቶፖልን በጠፍር እየጐተተ ስድስት ወር ያህል ከተጓዘ በኋላ በመጋቢት ወር መቅደላ ደረሰ።

በዚያው ወራት ጄኔራል ናፒየር ዙላ ላይ ወደብ ሠርቶ፣ ሐዲድ ዘርግቶ፣ ከህንድ ዝሆኖች አስመጥቶ 13,000 ያህል ወታደር እየመራ ይገሰግስ ነበር። ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. በስቅለት ዕለት በአሮጌ ሜዳ ውጊያ ተደረገ። ብዙ ከተደከመባቸው ትልልቅ መድፎች አንዱ ገና በመጀመሪያው ተኩስ ፈነዳ። የእንግሊዝ ወታደር ከኋላው የሚጐርስ አዲስ ጠመንጃ ይዞ ነበርና የኢትዮጵያ ሰው ሳይደርስበት ወደቀ፤ በዚያች ቀን 700 ያህል ሰው ሲሞት ከእንግሊዝ በኩል የሞቱት ሁለት ብቻ ናቸው። በሦስተኛው ቀን፣ ሚያዝያ 6፣ ዐፄ ቴዎድሮስ በገዛ እጃቸው ሞቱ።

የጋፋት ባለእጆች ከነቤተሰቦቻቸው ከናፒየር ጦር ጋር ከአገር ወጡ። ሃል በያፋ ከተማ ተቀመጠ፤ ዋልድማየር በሊባኖስ ትምህርት ቤትና ሆስፒታል አቋቋመ። ጋፋት ላይ ምድጃው ጠፋ። ናፒየር ሲመለስ ለረዳው ለትግራዩ ካሣ ምርጫ መድፍና ጠመንጃ ትቶለት ሄደ፤ እኚህም በዚያ መሣሪያ በርትተው በኋላ ዐፄ ዮሐንስ ተብለው ነገሡ። ከዚያ በኋላ የነገሡት መሣሪያን በስጦታና በግዢ ማግኘትን መረጡ፤ በ1888 ዓ.ም. አድዋ ላይ የተተኰሰውም በአብዛኛው ከውጭ የመጣ ነበር።

መሣሪያ በአገር ውስጥ የማሠራቱ ነገር እንደ ገና ሲነሣ ቦታውን የወሰነው በአብዛኛው መጓጓዣ ነው። ሴባስቶፖልን ሰው በጠፍር ሲጐትተው ያሰብክ እንደ ሆነ ምክንያቱ ይገባሃል። በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የደረሰው የጅቡቲ ሐዲድ በስምጥ ሸለቆ በአዳማ፣ በሞጆና በቢሾፍቱ በኩል ያልፍ ነበር። ቢሾፍቱ የአየር ኃይል ከተማ ሆነች፤ ከዚያም የከባድ ተሽከርካሪ ፋብሪካ ተተከለባት። አዳማ የትራክተር መገጣጠሚያ አገኘች። በ2002 ዓ.ም. የብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን ሲቋቋም የሁለቱም ከተሞች ፋብሪካዎች በእርሱ ሥር ገቡ። ከዓመታት በኋላ ኮርፖሬሽኑ ቢከፋፈልም በቶርኖና በብየዳ የሚተዳደረው ሠራተኛ ሥራው አልቀረም። መርከቡስ ያልክ እንደ ሆነ፣ ምፅዋ ላይ ተቋቁሞ የነበረው የባሕር ኃይል በኋላ ጠፋ፤ በ2011 ዓ.ም. እንደ ገና ለማቋቋም ተጀመረ።

ሴባስቶፖል ከመቅደላ አልወረደም። በአዲስ አበባ በቴዎድሮስ አደባባይ የምታየው አምሳያው ነው። በኮርፖሬሽኑ ሥር ከነበሩት የጦር መሣሪያ ፋብሪካዎች አንዱም ጋፋት ተብሎ ተሰይሟል።