እሳትን በልክ የያዘው የአናጢ ልጅ



ለዘንድሮው መጽሔት የአንድ ታላቅ ሰው ሕይወት እንድንጽፍ በታዘዝን ጊዜ ብዙዎቹ የክፍሌ ልጆች የነገሥታትንና የጦር አለቆችን ታሪክ መረጡ። እኔ ግን የመረጥሁት የአንድ አናጢ ልጅ ነው። ስሙ ቪልሄልም ማይባኽ ይባላል፤ አገሩም ጀርመን ነው። ወደ እርሱ ያደረሰኝ የአጎቴ መኪና መፍላት ስለ ሆነ፥ ታሪኬን ከዚያ እጀምራለሁ።

ባለፈው ዓመት ትምህርት ቤት በተዘጋ ጊዜ ከአጎቴ ጋራ ከደብረ ማርቆስ ወደ አዲስ አበባ ስንመለስ፥ የዐባይን ድልድይ ተሻግረን ወደ ጎሐ ጽዮን የሚያወጣውን ዳገት እንደ ጀመርን ሞተሩ ጋለና ራዲያተሩ ፈላ። አጎቴ መኪናዋን ከመንገድ አወጡ፤ የራዲያተርን ክዳን በጋለበት መክፈት ሰውን እንደሚያቃጥል ስለሚያውቁ፥ ከአንድ ሰዓት በላይ በጥላ ሥር ተቀምጠን ጠበቅን። አዲስ አበባ እንደ ገባን መኪናዋን ወደ አንድ ጋራዥ ወሰዷት። መካኒኩም ከሞተሩ ውስጥ አንዲት ትንሽ ዕቃ ፈትቶ አወጣና፥ ጥፋቱ የእርሷ እንደ ሆነ፥ ያለ እርሷም መኪናዋ ዳግመኛ እንደማትፈላ ነገረን። ያቺ ዕቃ ቴርሞስታት ነበረች። አጎቴ ደስ ብሏቸው ሒሳባቸውን ከፍለው ወጡ። ነገር ግን ከዚያ ወዲህ በብርዱ ጧት ሞተሩ ቶሎ አልሞቅ አለ፤ መኪናዋም ከበፊቱ ይበልጥ ቤንዚን ትበላ ጀመር፤ በዳገት ላይም እንደ ገና ፈላች።

ይህን ነገር ለፊዚክስ መምህራችን ባጫወትኋቸው ጊዜ መልሱን አልሰጡኝም፤ የሞተርን ሙቀት በልክ ለመያዝ ብዙ የደከሙትን ሰዎች ታሪክ ፈልጌ እንዳነብ አዘዙኝ እንጂ። ፈልጌ ያገኘሁትም ይህ ነው። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ቪልሄልም ማይባኽ ፌብሩዋሪ 9 ቀን 1846 በሃይልብሮን ከተማ ተወለደ። አባቱ በአናጢነት ሥራ የሚተዳደር ሰው ነበር። ልጁ ገና ስምንት ዓመት ሲሆነው፥ በ1854፥ እናቱ ሞተችበት፤ ከሁለት ዓመት በኋላም አባቱ ሞተ። እርሱና ወንድሞቹ ያለ ደጋፊ በቀሩ ጊዜ፥ ወዳጆቻቸው ለነዚህ ልጆች ርዳታ የሚለምን ማስታወቂያ በሽቱትጋርት ጋዜጣ ላይ አወጡ። በሮይትሊንገን ከተማ ለድኾችና ለወላጅ አልባ ልጆች መጠጊያ ያቋቋመ ጉስታቭ ቬርነር የሚባል ሰባኪ ነበርና፥ ቪልሄልምን ተቀብሎ አስገባው። ጓደኞቼ ሆይ፤ ያን ማስታወቂያ ሁሉ ሰው አንብቦ አልፎት ቢሆን ኖሮ፥ ይህ ልጅ የት ይወድቅ እንደ ነበረ ማን ያውቃል?

በዚያ ቤት እያንዳንዱ ልጅ ሞያ ይማር ነበር። ቬርነር የልጁን የሥዕል ችሎታ አይቶ በድርጅቱ የመኪና መሥሪያ ፋብሪካ የንድፍ ሥራ እንዲማር አደረገው። ልጁም ቀን ሲሠራ ውሎ ማታ ሒሳብና ፊዚክስ ይማር ነበር። በ1863 ጎትሊብ ዳይምለር የሚባል የ29 ዓመት መሐንዲስ የፋብሪካው ኀላፊ ሆኖ መጣ። ማይባኽ በዚያን ጊዜ 17 ዓመቱ ነበር። ዳይምለርም የዚህን ልጅ እጅ ከሁሉ የተለየ ሆኖ ስላገኘው ረዳቱ አደረገው። ከዚያ ቀን ጀምሮ እስከ ዳይምለር ሞት ድረስ ሁለቱ ወዳጆች ሆነው ኖሩ። በ1869 ወደ ካርልስሩኸ፥ በ1872 ደግሞ በኮሎኝ አጠገብ ወዳለው የዶይትስ ፋብሪካ አብረው ሄዱ። እዚያም ኒኮላውስ ኦቶ በ1876 ባለ አራት ምት ሞተሩን ባወጣ ጊዜ፥ ሞተሩ በፋብሪካ በብዛት እንዲሠራ ንድፉን ያሰናዳው ማይባኽ ነበር።

በ1882 ዳይምለር ከዶይትስ ወጥቶ በካንሽታት ቤት ገዛ፤ ማይባኽም ተከተለው። በግቢው ውስጥ አትክልት የሚበቅልበት የመስተዋት ቤት ስለ ነበረ፥ ሁለቱ ሰዎች ያን ቤት ዎርክሾፕ አድርገው ሌሊትና ቀን በምስጢር ይሠሩ ጀመር። አትክልተኛው የብረት ድምፅ እየሰማ፥ እነዚህ ሰዎች የሐሰት ገንዘብ የሚሠሩ ናቸው ብሎ ለፖሊስ አመለከተ። ፖሊሶችም ቤቱን ከፍተው በፈተሹ ጊዜ ያገኙት መሣሪያና ሞተር ብቻ ነበር። ከዚያ የመስተዋት ቤት በ1883 ከቀድሞዎቹ ይልቅ እጅግ ፈጥኖ የሚዞር ትንሽ ሞተር ወጣ፤ በ1885 በባለ ሁለት እግር ተሽከርካሪ ላይ፥ በ1886 ደግሞ በሠረገላ ላይ ተተከለ።

እዚህ ላይ የአጎቴ መኪና ጉዳይ ይመጣል። በሞተር ውስጥ ከሚቃጠለው ቤንዚን ከሚገኘው ሙቀት መኪናውን ለመንዳት የሚውለው በግምት ሢሶው ብቻ ነው፤ ሌላው ሢሶ ያህል በጭስ ማውጫ ይወጣል፤ የቀረው የሞተሩን ብረት ስለሚያግለው በማቀዝቀዣ መወገድ አለበት። ሞተር ኀይሉ በጨመረ ቍጥር የሚወገደውም ሙቀት ይጨምራል። ስለዚህ ፈጣን መኪና መሥራት የሚፈልግ ሰው ኀይል መጨመር ብቻ ሳይሆን ሙቀቱንም የት እንደሚጥለው ማወቅ ነበረበት። በመጀመሪያው ዘመን በብዙ መኪናዎች ላይ ውሃው እየፈላ በእንፋሎት ይጠፋ ስለ ነበረ፥ ነጂው በየመንገዱ ውሃ እየቀዳ መጨመር ግዴታው ነበር።

ማይባኽ ይህን ችግር በአንድ ቀን አላሸነፈውም፤ በየመኪናው ትውልድ ጥቂት በጥቂት ተሻሻለለት እንጂ። በ1889 በፓሪስ ኤግዚቢሽን በታየው ባለ ብረት መንኰራኵር መኪና ላይ ውሃው በመኪናው አካል ቱቦዎች ውስጥ እየተዘዋወረ እንዲቀዘቅዝ አደረገ። በ1891 ከኩባንያው ባለቤቶች ጋራ ባለመስማማቱ ሥራውን ለቆ፥ ቀድሞ ሆቴል በነበረ ቤት ውስጥ ከጥቂት ሠራተኞች ጋራ ሲሠራ ቆየ፤ ቤንዚንን በቀጭን ቀዳዳ እየረጨ ከአየር ጋራ የሚቀላቅለውን ካርቡራተር ያወጣው በዚህ የስደት ዘመን፥ በ1893 ነው። ውሃውን በሚዞረው ቮላኖ ውስጥ እያሳለፈ ማቀዝቀዝንም ሞክሯል። በ1895 ወደ ኩባንያው ተመለሰ፤ በ1897ም አየር በብዙ ትናንሽ ቱቦዎች ውስጥ እያለፈ ውሃውን የሚያቀዘቅዝበትን ራዲያተር ሠራ።

ከዚያ በኋላ ከባድ ዓመት መጣ። በማርች 1900 መጀመሪያ ዳይምለር ሞተ። በዚያው ወር መጨረሻ በፈረንሳይ አገር ከኒስ ወደ ላ ቲዩርቢ በሚያወጣው የዳገት ውድድር፥ የዳይምለርን መኪና ይነዳ የነበረው ቪልሄልም ባወር ተጋጭቶ ሞተ። መኪናው ከፍ ያለ፥ አጭርና ከባድ ስለ ነበረ ለመገልበጥ የቀረበ ነበር። ኩባንያው ከውድድር ለመውጣት በሚያስብበት ጊዜ፥ በኒስ የሚኖር ኤሚል የሊኔክ የሚባል ነጋዴ፥ መኪናው ዝቅና ረዘም ብሎ፥ ቀሎና በርትቶ እንዲሠራ ለመነ፤ 36 መኪናም አዘዘ። አዲሱ መኪና በልጁ በመርሴዲስ ስም እንዲጠራ ፈለገ። ሥራው በማይባኽ ላይ ወደቀ። ወዳጁን ገና የቀበረ የ54 ዓመት ሰው፥ አንድ ዓመት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ከዚያ በፊት ያልታየ መኪና ነድፎ አወጣ።

ባለ 35 ፈረስ ጕልበት የሆነው መርሴዲስ በዲሴምበር 1900 ተላከ። ብዙ ሰው የሚያደንቀው ሞተሩን ነው፤ እኔ ግን ይበልጥ የማደንቀው ራዲያተሩን ነው። ማይባኽ 8,070 ትናንሽ ባለ አራት ማዕዘን ቱቦዎችን እንደ ማር እንጀራ ጎን ለጎን ደረደራቸው፤ የእያንዳንዱም ስፋት 6 ሚሊሜትር በ6 ሚሊሜትር ነበር። አየሩ በቱቦዎቹ ውስጥ ያልፋል፤ ውሃው ደግሞ በመካከላቸው ባለው ጠባብ ክፍተት ይወርዳል። መኪናው ቀስ ብሎ በሚሄድበት ጊዜም አየር እንዳያጣ ከኋላው ቬንትሌተር አቆመበት። በዚህ ምክንያት ቀድሞ 18 ሊትር ይፈልግ የነበረው ውሃ 9 ሊትር በቃው፤ በ1902 በወጣው መርሴዲስ ሲምፕሌክስ ላይ ደግሞ ወደ 7 ሊትር ወረደ። በማርች 1901 በኒስ በተደረገው ውድድር ይህ መኪና፥ ባለፈው ዓመት ሰው በሞተበት በዚያው ዳገት ላይ፥ በሰዓት በአማካይ 51 ኪሎ ሜትር ያህል እየሄደ አሸነፈ።

እንግዲህ ቴርሞስታቷ ከየት መጣች? የ1901ዱ መርሴዲስ ራዲያተር እንጂ ቴርሞስታት አልነበረውም። ራዲያተሩ ሙቀትን መጣል ያውቃል፤ መቼ መጣል እንዳለበት ግን አያውቅም። በብርድ አገር ነጂዎች ሞተሩ እንዳይቀዘቅዝ ራዲያተሩን በቆዳ ወይም በጨርቅ ይሸፍኑት ነበር። ኋላ ግን ይህን ሥራ አንዲት በር ጠባቂ ተረከበችው። በ1914 የወጣው ካዲላክ ባለ ስምንት ሲሊንደር መኪና ቴርሞስታት ካላቸው ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ነው። የቀድሞዎቹ ቴርሞስታቶች ብዙዎቹ በቀላሉ የሚተን ፈሳሽ የያዙ፥ እንደ አኮርዲዮን የተጣጠፉ የናስ ከረጢቶች ነበሩ፤ ሲሞቁ ይነፉና በሩን ይከፍታሉ። የማቀዝቀዣው ውሃ በግፊት እንዲሠራ በተደረገ ጊዜ ግፊቱ ከረጢቱን ስለሚጫነው ሰም የያዙ ቴርሞስታቶች ተተኩ። ሰሙ ሲቀልጥ በኀይል ስለሚሰፋ፥ ብዙ ጊዜ ከ80 እስከ 90 ዲግሪ ሲደርስ በሩን ገፍቶ ይከፍታል፤ ሲቀዘቅዝም ምንጩ መልሶ ይዘጋዋል። ከ1990ዎቹ ወዲህ ደግሞ በአንዳንድ ኀይለኛ መኪናዎች ላይ ሰሙን በኤሌክትሪክ የሚያሞቅ ቴርሞስታት ገብቷል፤ ሞተሩ በብርቱ ሲሠራ ቀድሞ ይከፈታል፤ በዝግታ ሲሄድም ቤንዚን ለመቆጠብ ሞቆ እንዲቆይ ያደርገዋል።

ይህን ካነበብሁ በኋላ የአጎቴ መኪና ምስጢር ተገለጠልኝ። ቴርሞስታቷ ከወጣች ወዲህ ውሃው ጧትም ማታም ወደ ራዲያተሩ ስለሚሄድ ሞተሩ የሚገባውን ሙቀት ሳያገኝ ይሠራል፤ ቀዝቃዛ ሞተር ቤንዚኑን በደንብ ስለማያተንነውና ዘይቱም ስለሚወፍርበት ብዙ ይበላል፤ ቶሎም ያረጃል። በሌላ በኩል ቱቦዎቹ በዝገትና በጭቃ የተደፈኑ ራዲያተር በሩ ቢወልቅለትም ሙቀቱን መጣል አይችልም። በአዲስ አበባ ከፍታ ውሃ በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ፥ ግፊቱን የሚይዘው የራዲያተሩ ክዳን ከላላ ችግሩ ይብሳል። ለአጎቴ ይህን ብነግራቸው መጀመሪያ ሳቁብኝ። ኋላ ግን ራዲያተሩን አስፈትተው ቢያስመረምሩት ከቱቦዎቹ ብዙዎቹ ተደፍነው ተገኙ። ራዲያተሩን አስጠርገው፥ አዲስ ቴርሞስታትና አዲስ ክዳን አስገቡ። በፋሲካ ወደ ደብረ ማርቆስ ሄደን ስንመለስ የዐባይን ዳገት አንድ ጊዜም ሳንቆም ወጣነው።

የማይባኽ መጨረሻ ግን እንደ ሥራው ብሩህ አልነበረም። ዳይምለር ከሞተ በኋላ የኩባንያው መሪዎች ከዋናው ሥራ ገፍተው በአንድ የፈጠራ ቢሮ ውስጥ አስቀመጡት፤ እርሱም በ1907 ለቆ ወጣ። ሆኖም ተቀምጦ አላዘነም። በ1909 ከካውንት ዘፔሊን ጋራ ተስማምቶ የአየር መርከብ ሞተር የሚሠራ ድርጅት አቋቋመ፤ መሪነቱንም ለልጁ ለካርል ሰጠው። በ1916 የሽቱትጋርት የቴክኒክ ከፍተኛ ትምህርት ቤት የክብር ዶክተርነት ሰጠው፤ ያ ልጅ በማታ ትምህርት እንጂ በዩኒቨርሲቲ አልተማረም ነበር። ዲሴምበር 29 ቀን 1929 በ83 ዓመቱ ሞተ፤ ወዳጁ ዳይምለር በተቀበረበት በካንሽታት መቃብር ተቀበረ።

ጓደኞቼ ሆይ፤ ከዚህ ሰው ሕይወት እኔ የተማርሁት አንድ ነገር ነው። ኀይል ብቻውን አያደርስም፤ ልክ ያስፈልገዋል። ከመጠን በላይ የጋለ ሞተር ይነድዳል፤ ያልሞቀም ሞተር ዳገት አይወጣም። እኛም ተማሪዎች በፈተና ሰሞን ብቻ እየፈላን በቀረው ጊዜ ቀዝቅዘን ብንቀመጥ፥ ቴርሞስታቷ እንደ ወለቀች እንደ አጎቴ መኪና መሆናችን ነው። ክቡራን ወላጆችም፤ በጋዜጣ ማስታወቂያ የተለመነለት ልጅ ዓለምን የሚጠቅም ሰው ሆኗልና፥ በየሰፈራችን ያለውን ደጋፊ ያጣ ልጅ አይታችሁ እንዳታልፉት በትሕትና አሳስባለሁ።