ቦብ ፎሲ፤ የመድረክን ዳንስ ወደ ሲኒማ ያሻገረ ሰው

ዳንስ በዓይን የሚታይ ጥበብ ነው። ነገር ግን ዓይን የት ቆሞ እንደሚያይ ብዙ ሰው አያስብም። በአካባቢያችን በጎብዬና በቆቦ፥ በነሐሴ ወር የሶለል በዓል ሲደርስ ልጃገረዶች ከበሮ ይዘው ሲጨፍሩ ተመልካቹ እንደ ልቡ ይዞራል፤ ቀረብ ብሎ እግራቸውን ያያል፤ ራቅ ብሎም ጭፈራውን በሙሉ ይመለከታል። በቴአትር ቤት ግን ተመልካች ከወንበሩ አይነሣም። በሲኒማ ቤትም እንደዚሁ አይነሣም፤ ዳሩ ግን በእርሱ ፈንታ ካሜራው ይዞርለታል። ይህን ልዩነት በብዙ ድካምና በከባድ ኪሣራ ከተማሩት ሰዎች አንዱ አሜሪካዊው ቦብ ፎሲ ነው። ከዚህ በታች የተጻፉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቦብ ፎሲ በጁን 23 ቀን 1927 ዓ.ም. በቺካጎ ከተማ ተወለደ። ለወላጆቹ ከስድስት ልጆች አምስተኛው ነበረ። ገና በልጅነቱ ዳንስ ትምህርት ቤት ገብቶ፥ ከአንድ ጓደኛው ጋር ሆኖ በየአዳራሹ እየደነሰ ገንዘብ ማግኘት ጀመረ። ከሚደንስባቸው ቦታዎች አንዳንዶቹ ለልጅ የማይገቡ የሌሊት መጠጥ ቤቶች ነበሩ። በዚያም በመድረክ ላይ የሚስቁት ዳንሰኞች ከመጋረጃው በስተኋላ ምን ያህል እንደሚደክሙና እንደሚያዝኑ አየ። ይህ ያየው ነገር በኋላ የሥራው ሁሉ መሠረት ሆነ።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጨረሻ በባሕር ኃይል አገልግሎ ከተመለሰ በኋላ ወደ ኒውዮርክ ሄደ። ከዚያም ወደ ሆሊውድ ተሻግሮ በ1953 ዓ.ም. ኪስ ሚ ኬት በተባለው ፊልም ላይ ደነሰ። በዚህ ፊልም ውስጥ እርሱ ራሱ ያቀናበራት አጭር ዳንስ ብዙ ሰው አስደነቀች። በ1954 ዓ.ም. ዘ ፓጃማ ጌም ለተባለው ሙዚቃዊ ቴአትር ዳንሱን አቀናብሮ ከፍተኛውን የቴአትር ሽልማት አገኘ። እግሩ ወደ ውስጥ የዞረ፥ ትከሻው ጐበጥ ያለ፥ ጠጉሩም ቶሎ የሳሳ ሰው ስለ ነበረ፥ ይህን ጉድለቱን ወደ ጥበብ ለወጠው ይባላል። በእርሱ ዳንስ ጉልበት ወደ ውስጥ ይዞራል፤ ባርኔጣ ግንባርን ይሸፍናል፤ አንዲት ጣት ብቻዋን ስትንቀሳቀስ ብዙ ትናገራለች።

በ1966 ዓ.ም. ስዊት ቻሪቲ የተባለውን ቴአትር በኒውዮርክ አቀረበ። ታሪኩ የተወሰደው የኢጣሊያው ዲሬክተር ፌዴሪኮ ፌሊኒ በ1957 ዓ.ም. ካወጣው ፊልም ነው። ቻሪቲ ገንዘብ ከከፈለ ወንድ ሁሉ ጋር በዳንስ አዳራሽ የምትደንስ ምስኪን ሴት ናት፤ ወንዶች ደጋግመው ያታልሏታል፤ እርሷ ግን ተስፋ አትቆርጥም። የቻሪቲን ቦታ ይዛ የተጫወተችው የፎሲ ባለቤት ግዌን ቨርደን ስትሆን፥ ቴአትሩ 608 ጊዜ ለሕዝብ ታየ።

ይህን ሥራ ወደ ሲኒማ እንዲያዛውር አደራ በተሰጠው ጊዜ ፎሲ ፊልም ዲሬክት አድርጎ አያውቅም ነበር። ኩባንያው በፊልም የታወቀችውን ሸርሊ ማክሌንን ስለ መረጠ፥ ግዌን ቨርደን ቦታዋን ለሌላ ለቃ ዳንሱን በማስጠናት ረዳች። በ1969 ዓ.ም. የወጣው ፊልም ግን 20 ሚሊዮን ዶላር ያህል ፈጅቶ ግማሹን እንኳ አልመለሰም። ፎሲ በአዲሱ መሣሪያ ተደስቶ ካሜራውን ያለ ዕረፍት ያስሮጠው፥ ያቀርበው፥ ያርቀው ስለ ነበረ፥ ብዙ ተቺዎች ካሜራው ከዳንሰኞቹ በላይ ይታያል ብለው ነቀፉት። ከዚህ በኋላ ሌላ ፊልም ለማግኘት ተቸገረ።

ይሁን እንጂ ካባሬት የተባለውን ሙዚቃዊ ቴአትር ወደ ፊልም እንዲያዛውር ዕድል አገኘ። ታሪኩ ናዚዎች ሥልጣን ሊይዙ በተቃረቡበት ዘመን በበርሊን የሚፈጸም ነው። በቴአትሩ ሰዎች በመኖሪያ ቤታቸውም ሳይቀር ይዘፍኑ ነበር። ፎሲ ግን በመድረክ የማያስገርም ነገር በሲኒማ ሐሰት መስሎ እንደሚታይ ተረዳ። ስለዚህ ከአንድ መዝሙር በቀር በመድረክ የሚዘፈነውን ሁሉ በሌሊት ክበቡ መድረክ ላይ ብቻ አደረገው። ካሜራውም ያለ ምክንያት መሮጡን ትቶ፥ በመድረክ ላይ ሰዎች ሲደንሱና ሲስቁ፥ በውጭ ደግሞ አንድ ሰው በናዚዎች ሲደበደብ እያፈራረቀ አሳየ። ይህን በአንድ ወንበር ላይ ተቀምጦ ማየት አይቻልም፤ በሲኒማ ብቻ የሚቻል ነው። በ1972 ዓ.ም. የወጣው ይህ ፊልም 8 የኦስካር ሽልማት አገኘ፤ ከእነዚህም አንዱ ለዲሬክተሩ ለፎሲ ተሰጠ። በ1973 ዓ.ም. በአንድ ዓመት ውስጥ የሲኒማን፥ የቴአትርንና የቴሌቪዥንን ታላላቅ ሽልማቶች ተቀበለ።

ነገር ግን ራሱን ያለ ዕረፍት ያሠራ፥ ሲጋራም አብዝቶ ያጨስ ስለ ነበረ ልቡ ታመመ፤ በ1974 ዓ.ም. የልብ ቀዶ ጥገና ተደረገለት። ይህንንም ሕመሙን በ1979 ዓ.ም. ኦል ዛት ጃዝ በተባለው ፊልም አሳየ። በሴፕቴምበር 23 ቀን 1987 ዓ.ም. በዋሽንግተን ከተማ ስዊት ቻሪቲ እንደ ገና በመድረክ ሊከፈት በተዘጋጀበት ምሽት፥ በልብ ድካም በ60 ዓመቱ ሞተ። በ1975 ዓ.ም. በመድረክ ያቀረበው ቺካጎ የተባለው ሥራም በ2002 ዓ.ም. በሌላ ዲሬክተር ፊልም ሆኖ 6 ኦስካር ተሸለመ።

እንግዲህ ከዚህ ሰው ሕይወት ለእኛ ለተማሪዎች ሁለት ትምህርት ይገኛል። አንደኛው፥ የወደቀ ሰው የውድቀቱን ምክንያት ከመረመረ ውድቀቱ መምህር ይሆንለታል። ሁለተኛው፥ አንድን ጥበብ ከአንድ ቤት ወደ ሌላ ቤት ስናዛውር፥ የአዲሱን ቤት ጠባይ አስቀድመን ማወቅ ይገባናል። ዛሬ የራያ ጭፈራ በቴሌቪዥንና በቪዲዮ ይታያል። ካሜራ የሚይዘው ወጣት ጨፋሪዎቹን እየቈራረጠ እግሩን ከከበሮው ከለየ ጭፈራው ይሞታል፤ የት መቆም እንደሚገባው ካወቀ ግን የጎብዬ ልጆች ጭፈራ በሩቅ አገር ላለ ሰው ሁሉ በሕይወቱ ይደርሳል።