ኑግን ከባዕድ ወገን ያወጣው ዳኛ

ፈረንሳዊው አንሪ ካሲኒ እ.አ.አ. በ1781 የተወለደው በሥነ ፈለክ ሊቃውንቱ ከታወቀ የፓሪስ ቤተሰብ ነው። እርሱ ግን ዳኝነትን መተዳደሪያው፣ የሱፍና የአደይ አበባን ቤተሰብ ደግሞ የዕድሜ ልክ ጥናቱ አደረገ። የአበቦቹን ጥቃቅን ክፍሎች እየመረመረ ዕፅዋቱን በየዘመዳቸው ለየ።

የኢትዮጵያ ገበሬ ከጥንት ጀምሮ ለዘይት የሚያመርተው ኑግ በአውሮፓውያን መዝገብ ከአሜሪካ ዕፅዋት ጋር ተመድቦ ነበር። ካሲኒ በ1829 ጊዞቲያ የተባለ ራሱን የቻለ ወገን አቆመለት። የወገኑ መጠሪያ ለታሪክ ጸሐፊውና ፖለቲከኛው ፍራንሷ ጊዞ መታሰቢያ ሲሆን፣ አቢሲኒካ የሚለው የዝርያ ስም የኑግን የትውልድ አገር ይዞ ቆየ።

ካሲኒ ከሦስት ዓመት በኋላ በኮሌራ ሞተ። ምደባው ግን ጸና፤ በኑግ ማሳ የሚበቅለውን መጭ ጨምሮ የወገኑ ዝርያዎች በሙሉ መነሻቸው አፍሪካ ሆኖ ተገኝቷል።